ልጆቻችን አፍ ውስጥ የሚገባውን ዕቃ ማን ነው የሚመረምርልን?

ይድረስ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር

ጤና ይስጥልኝ።

አዲስ አበባ የምኖር እናት ነኝ። ሴት ልጄ 9 ወሯ ነው። ከታች ሁለት ጥርስ አብቅላለች፣ የላይኞቹ እየመጡ ነው። ስለዚህ በዚህ ሰሞን እጇ የገባ ነገር ሁሉ መድረሻው አፏ ነው። የስልኬ ሽፋን፣ የበር ቁልፍ፣ የአባቷ የሰዓት ማሰሪያ፣ የገዛ እግሯ። ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል። ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ድዷ ቀልቷል፣ ሌሊት ታለቅሳለች፣ የምትነክሰው ነገር ስታገኝ ብቻ ዝም ትላለች።

ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ግን አንገቷ ላይ ያለችውን መስቀል ነበር። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ክርስትና እናቷ ከማተቧ ጋር ያሰሩላት ትንሽ መስቀል ናት። ብር ትመስላለች። ከመንገድ ዳር ሻጭ ነው የተገዛችው፣ በፍቅር ነው የተሰጠችው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። አንድ ቀን ልጄን ሳጥባት የመስቀሏን ጫፍ ልብ ብዬ አየሁት። የብር ቀለሙ ተልጧል። ከሥሩ ጠቆር ያለ ግራጫ ነገር ወጥቷል፣ ሁለቱ ጥርሶቿ የሚያርፉበት ቦታ ላይ ደግሞ ትንሽ ስርጉድ ብሏል። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ጥፍሬ ላይ ጥቁር ነገር ቀረ። ታዲያ ያ ሁሉ የተላጠው የት ሄደ? ቤት ውስጥ ሌላ መስቀሏን የሚነክስ ሰው የለም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስልኬን ይዤ ሳነብ አደርኩ። እስከ ዛሬ ከማላውቀው ነገር ጋር የተዋወቅኩትም ያኔ ነው፣ እርሳስ ከሚባለው።

እርሳስ ስል ተማሪ የሚጽፍበትን ማለቴ አይደለም። ይሄን ከወዲሁ ማጥራት አለብኝ፣ ምክንያቱም ለጎረቤቴ ስነግራት «እኛስ እርሳስ እየነከስን አይደል እንዴ ያደግነው?» አለችኝ። የመጻፊያው እርሳስ ውስጡ ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ ነው፣ ስሙን ብቻ ነው የተጋራው። እኔ የማወራው ስለ ብረቱ ነው። የመኪና ባትሪ ውስጥ ስላለው፣ ጥይት ስለሚሠራበት፣ ከባድ ሆኖ ሳለ ለስላሳ ስለሆነውና በትንሽ እሳት ስለሚቀልጠው። ርካሽ ነው፣ ለቀማሚ ይመቻል። ስለዚህ ርካሽ ጌጥ ውስጥ፣ ደማቅ ቀለም ውስጥ፣ ብየዳ ውስጥ ይገባል።

እርሳስ ሰውነታችን ውስጥ አንድም ሥራ የለውም። ካልሲየም አጥንት ይሠራል፣ አይረን ደም ይሠራል፣ እርሳስ ምንም አይሠራም። ችግሩ ሰውነት ከካልሲየም ጋር ያምታታዋል፣ አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ለዓመታት እዚያ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ወደ ሆድ ከገባው እርሳስ ሕፃን ወደ ደሙ የሚያሳልፈው ከአዋቂ 4 እና 5 እጥፍ ነው። አይረንና ካልሲየም ያነሰው ልጅ ደግሞ ከዚያም በላይ ይስባል። እኛ አገር ስንት ልጅ ነው ደም ማነስ ያለበት? እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ደም ውስጥ ገብቶ የሚጎዳው በዋናነት አንጎልን ነው፣ ያውም ገና እየተሠራ ያለን አንጎል። ልጁ አይታመምም፣ አያስለው፣ አያተኩሰው። ዝም ብሎ ያድጋል። ከዓመታት በኋላ ትምህርት ቤት ገብቶ ማተኮር ሲያቅተው «ሰነፍ ነው» ይባላል፣ ምናልባትም ይገረፋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ይህን ያህል እርሳስ ምንም አያደርግም የሚባል መጠን የለም፣ የተጎዳውም ነገር ተመልሶ አይጠገንም።

ያን ሌሊት ካነበብኩት ሁሉ አንዱ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ የሆነ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የ9 ወር ሕፃን ነው፣ የእኔ ልጅ እኩያ። ደሙ ሲመረመር በአንድ ዴሲሊትር 41 ማይክሮግራም እርሳስ ተገኘበት። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ «ይሄ ልጅ ክትትል ያስፈልገዋል» የሚባለው 3.5 ላይ ነው። ከየት መጣ ተብሎ ሲፈለግ ወላጆቹ ከአንድ ባዛር፣ በእጅ ከሚሠራ ሰው የገዙት የእጅ አምባር ተገኘ። የገዙለት ለጥርስ ሕመሙ ነበር። ያስታግሳል ተብሎ ነው። ልጁም አልፎ አልፎ ያኝከው ነበር። በትልልቆቹ ድንጋዮች መሃል የተሰካኩት ትንንሽ ዶቃዎች ሲመረመሩ ከሚሊዮን እጅ 17,000 እጁ እርሳስ ሆነ። በዚያ አገር ለልጅ በሚሸጥ ዕቃ ላይ የተፈቀደው ከሚሊዮን 100 እጅ ብቻ ነው። 170 እጥፍ ማለት ነው።

ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2006፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የ4 ዓመት ልጅ ሞቷል። ከጫማ ጋር በስጦታ የመጣ የእጅ ጌጥ ላይ የተንጠለጠለች የልብ ቅርጽ ያላት ቁራጭ ብረት ውጦ ነው። ቁራጯ ስትመረመር 99 በመቶ እርሳስ ነበረች።

የእኔ ልጅ መስቀል እርሳስ አለባት አላልኩም። የምለው፣ አለባት ወይስ የለባትም ብዬ ጠይቄ የሚነግረኝ አላገኘሁም ነው። መስቀሏን ፈትቼ ትንሽ ፌስታል ውስጥ ከተትኩና ይዤ ወጣሁ። ማተቧ አንገቷ ላይ እንዳለ ነው፣ ክሩ ምን አደረገ።

መጀመሪያ ፒያሳ አንድ ወርቅ ሠሪ ጋ ሄድኩ። በመዳፉ መዘን አደረጋት፣ በአጉሊ መነጽር አያትና «እህቴ፣ ብር አይደለም፣ ቅይጥ ነው» አለኝ። «ምንና ምን ተቀይጦ ነው?» አልኩት። «እሱን በዓይን አይቶ የሚነግርሽ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ቀጥሎ ልጄን ይዤ ጤና ተቋም ሄድኩ። ደግ ነርስ ነች ያገኘኋት፣ ቁጭ ብላ አዳመጠችኝ። «የደም ማነስ ላይላት እችላለሁ፣ የእርሳስ ምርመራ ግን እኛ ጋ የለም። እስከ ዛሬ የጠየቀኝም ሰው የለም» አለችኝ። «ሲስተር፣ ሌላ የሚሠራ ቦታ ታውቂያለሽ?» ስላት አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት መዞር ጀመርኩ። አንዱ ጋ «ይሄ ምግብ አይደለም፣ እኛን አይመለከትም» ተባልኩ። ሌላው ጋ «አስመጪውን አምጪ» ተባልኩ። ሦስተኛው ጋ «በደብዳቤ አቅርቢ» ተባልኩ። ይኸው በደብዳቤ አቀረብኩ።

የመስቀሏ ነገር ዓይኔን ከፈተልኝ እንጂ ነገሩ የአንዲት መስቀል አይደለም። ቤት ተመልሼ የልጄን ዕቃ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩት። ጡጦዋ፣ የሚጠባው ጎማዋ፣ ጥርስ ለሚያበቅሉ ልጆች ተብሎ የሚሸጠው የሚነከስ ቀለበት፣ ቀለም የተቀባች የእንጨት አሻንጉሊት፣ ክዳን ያላት የብረት ኩባያ፣ አጥሚቷን የምሠራባት ድስት። አንድ በአንድ እያነሳሁ አገላበጥኩ። ማን ሠራው? የት ተመረመረ? ጡጦው ላይ «ቢፒኤ ፍሪ» የሚል አለ። ብዙዎቻችን ይሄን ስናይ ዕቃው ንጹህ ነው ብለን እናምናለን፣ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ግን ቢፒኤ ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ አንድ ኬሚካል ነው፣ ስለ እርሳስና ስለ ሌሎች ከባድ ብረቶች የሚናገረው ነገር የለም። መርካቶ ገብቼ ሰባት ሱቅ ዞርኩ። የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ «ኦሪጅናል ነው እህቴ፣ የዱባይ ነው።» የምርመራ ወረቀት ስል አንዱ ልጅ ከልቡ ግራ ገብቶት አየኝ። አልፈርድበትም፣ ለእሱም ማንም አልሰጠውም።

ፍርሃት ለመንዛት አልጻፍኩም፣ ስለዚህ ያነበብኩትን በልኩ ልናገር። ተራው ነጭ የፕላስቲክ ጡጦና ጥራት ያለው ሲሊኮን በእርሳስ ብዙም የሚጠረጠሩ አይደሉም። እርሳስ የሚደበቀው ሌላ ቦታ ነው። ብርጭቆ ጡጦ ላይ ከውጭ የታተመው ሥዕልና የመለኪያ መስመር፣ የእንጨት መጫወቻው ቀለም፣ አንዳንድ ለስላሳ ርካሽ ፕላስቲክ፣ የተለበጠ ብረት። ቢጫና ቀይ ቀለም ላይ ደግሞ ካድሚየም ሊኖር ይችላል፣ እሱ ኩላሊትና አጥንት የሚጎዳ ሌላ ከባድ ብረት ነው። በ2010 አንድ ትልቅ የምግብ ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ለልጆች ፊልም ማስታወቂያ ብሎ የሸጣቸውን 12 ሚሊዮን ብርጭቆዎች መልሱ ብሎ ሰብስቧል፣ ሥዕላቸው ላይ ካድሚየም ተገኝቶ።

የብረት ኩባያው ነገር ደግሞ ለእኔ ፍጹም አዲስ ነበር። ሙቀት የሚይዙት ኩባያዎች ሁለት ግድግዳ አላቸው፣ በመሃላቸው ያለው አየር ተመጥጦ ይወጣና ቀዳዳው በሥር በኩል ይደፈናል። አንዳንድ ፋብሪካ ይህቺን ቀዳዳ የሚደፍነው እርሳስ ባለበት ብየዳ ነው፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኞች እያቀለጡ ሽቦ በሚያጣብቁበት ዓይነት። ከላዩ ክዳን ይለጠፍበታል። ክዳኑ እንዳለ ከሆነ ብየዳው አይነካም። ኩባያው ወድቆ የሥሩ ክዳን ሲነቀል ግን ብየዳው ገሃድ ይወጣል፣ ልጅ ደግሞ ኩባያ ገልብጦ ሥሩን መላስ ይወዳል። በዚህ ምክንያት በ2022 ኅዳር አካባቢ ወደ 10,500 የሚጠጉ የሕፃናት የብረት ጡጦና ኩባያዎች አሜሪካ ውስጥ ከገበያ ተሰብስበዋል። በ2023 ሐምሌ ደግሞ ሌላ ድርጅት ወደ 346,000 የሚጠጉ የልጆች ኩባያዎቹን ሰብስቧል፣ ከተፈቀደው በላይ እርሳስ ተገኝቶባቸው። የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው። እዚያ ከመደርደሪያ የወረደ ዕቃ የት ነው የሚሄደው? እኛ ገበያ እንዳይመጣ የሚጠብቀንስ ማነው?

አሁን ድስቷ ጋ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄ ከውጭ የሚመጣ ብቻ አይደለም። ልጄ 6 ወር እስኪሞላት ጡት ብቻ ነው የጠባችው። ከዚያ እማዬ ምጥኗን አዘጋጀችልኝ፣ ገብሱ፣ አጃው፣ ሽምብራው ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተፈጭቶ። አንዲት ጠጠር እንዳትገባ ሰፌድ ላይ ዓይኗ እስኪደክም የለቀመችውን አይቻለሁ። ያንን እህል የምናበስለው ግን ከምን እንደተሠራ በማናውቀው ድስት ነው። ቁራሌው በየሰፈሩ ዞሮ የሚገዛው ብረታ ብረት ተሰብስቦ፣ ቀልጦ፣ ድስት ሆኖ ይመለሳል። ምናለሽ ተራ የሚሠሩ ወንድሞቻችን የተጣለውን አንስተው ዕቃ የሚያደርጉ ባለሙያዎች ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ግን አብሮ የሚቀልጠው ምን እንደሆነ እነሱም በምን ያውቁታል? የመኪና ራዲያተር፣ የኤሌክትሮኒክስ ትርፍራፊ፣ የባትሪ ቁራጭ አብሮ ከገባ እርሳሱም አብሮ ይገባል።

ይሄ ግምት ብቻ አይደለም። በ2014 የታተመ ጥናት ካሜሩን ውስጥ ከቁርጥራጭ ብረት የተሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች ወደ ምግብ እርሳስ እንደሚለቁ አሳይቷል። በ2017 ደግሞ ከ10 አገሮች፣ ጎረቤታችን ኬንያና ታንዛኒያ ጭምር፣ የተሰበሰቡ 42 ማብሰያዎች ተመርምረው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለእርሳስ የሚያጋልጡ ሆነው ተገኙ። ሲያትል ከተማ ያለበት የኪንግ ካውንቲ የጤና ቢሮ ከአፍጋኒስታን የመጡ ስደተኞች ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ለምን በዛ ብሎ ሲመረምር ከአገራቸው ያመጧቸው ማብሰያዎች ላይ ደረሰ። ከዚያ ተነስቶ የዋሽንግተን ግዛት በ2024 እርሳስ ያለበት ማብሰያ እንዳይሸጥ ሕግ አወጣ። ሲያትል ውስጥ ስንት ሐበሻ እንደሚኖር ታውቃላችሁ። እኛም ለዘመድ ድስትና ጀበና የምንልክ ሕዝብ ነን።

እህቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ይሄን ሁሉ ስነግራት «የእኔ ልጅ እኮ ዓመት ሲሞላው ተመርምሯል» አለችኝ፣ እንደ ክትባት ቆጥራው። በዚያ ግዛት ልጅ ሁሉ በ1 ዓመቱና በ2 ዓመቱ ደሙ ለእርሳስ ይታያል። እሷ አልጠየቀችም፣ ለምን እንደሆነም ብዙ አልተጨነቀችም፣ ጣቱን ወጉት፣ ውጤቱ ደህና ነው ተባለች፣ በቃ። የአንድ እናት ልጆች ነን። የእሷ ልጅ እንዲህ ተጠብቋል፣ የእኔዋን የሚያይልኝ አጣሁ። ቅናት አይደለም፣ ግን ያማል።

እነሱም ቢሆኑ አልተሳካላቸውም ልበል፣ ለእውነቱ። በ2021 የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ታዋቂ የሕፃናት ምግቦች ውስጥ አርሰኒክ፣ እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ እንዳለ አጋልጦ አገሩን አስደንግጧል። በ2023 ደግሞ ከኢኳዶር የመጣ የታሸገ የፖም ምግብ ከ500 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ሕፃናት፣ ለእርሳስ አጋልጧል። ውስጡ የገባው ቀረፋ እርሳስ ባለበት ነገር ተበርዞ ነበር። እንዴት ተነቃበት? ፋብሪካው አልተናገረም፣ ድንበር ላይም አልተያዘም። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ልጆች በመደበኛው ምርመራ ደማቸው ታየ፣ ቁጥሩ ከፍ አለ፣ ምን በሉ ተብሎ ተጠየቀ። የልጆቹ ደም ነው የመሰከረው። የደም ምርመራ ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬም ሱቅ ውስጥ ሊሸጥ ይችል ነበር። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ቢገባ በምን እናውቃለን?

«እኛ ድሃ አገር ነን፣ ይሄ የሀብታም ጭንቀት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ መልሴ ባንግላዴሽ ናት። እዚያ የእርድ ነጋዴዎች እርዱ ደማቅ ቢጫ እንዲሆን እርሳስ ያለበት ቀለም ይቀቡት ነበር። በ2019 ከገበያ ከተወሰዱት የእርድ ናሙናዎች 47 በመቶው እርሳስ ነበረባቸው። መንግሥት ምን አደረገ? በጋዜጣና በማስታወቂያ ሕዝቡን አስጠነቀቀ። ተቆጣጣሪዎች በእጅ የሚያዝ፣ ሽጉጥ የሚመስል የኤክስ ሬይ መሣሪያ ይዘው የዳካ ጅምላ ገበያ ገቡና እዚያው በሰው ፊት መረመሩ። እርሳስ የተገኘባቸው ነጋዴዎች እዚያው ተቀጡ፣ ነገሩ በቴሌቪዥን ታየ። በ2021 ናሙናዎቹ ሲወሰዱ እርሳስ ያለበት አንድም አልተገኘም፣ ዜሮ። ሁለት ዓመት ብቻ ነው የፈጀው። ቴክኖሎጂው አንድ መሣሪያ ነው፣ ቀሪው ቁርጠኝነት ነው። ኒውክሌር አልሠሩም።

እኛም ስንፈልግ እንደምንችል አውቃለሁ። በቤት ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ አገራችን በ2018 አውጥታለች። ግድግዳውን ካሰብንለት፣ ልጁ የሚነክሰውን ቀለም የተቀባ ቀለበትም እናስብ። ባለሥልጣኑ የሕፃናት ዱቄት ወተት ሳይመዘገብ ገበያ እንዳይገባ ይቆጣጠራል። ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን። ወተቱን የምታሳልፈው ጡጦስ?

እና የምጠይቀው ይሄን ነው። መጀመሪያ ባለቤቱን ንገሩን። ጡጦ፣ የሚጠባ ጎማ፣ የሚነከስ ቀለበት፣ የልጅ ኩባያ፣ የልጅ ጌጥ፣ ማብሰያ፣ እነዚህን የሚመለከተው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ሦስታችሁም ከሆናችሁ ተነጋገሩና አንድ በር፣ አንድ ስልክ ቁጥር ስጡን። እናት ልጅ አዝላ ከቢሮ ቢሮ አትዙር።

ከዚያ ከመርካቶ፣ ከሾላ፣ ከክፍለ ሀገር ገበያዎችም፣ እንደ ተራ ገዢ ሆናችሁ ዕቃ ግዙ። መቶ ዕቃ ይሁን፣ ሁለት መቶ። መርምሩትና ውጤቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ ሰው በሚሰማው ቋንቋ ሁሉ አውጡት፣ ንጹህ የሆነውንም ያልሆነውንም። ንጹህ የሆነውን ማወቅም እኮ ለእናት ትልቅ እፎይታ ነው። አስመጪው ዕቃውን ሲያስገባ ስለ ከባድ ብረቶች የምርመራ ወረቀት እንዲያቀርብ ይጠየቅ። ድስት አቅላጮቹን ግን እለምናችኋለሁ፣ በቅጣት አትጀምሩባቸው። የትኛው ቁርጥራጭ ከድስት ጋር መቅለጥ እንደሌለበት አሳዩአቸው፣ የሠሩትን በነፃ መርምሩላቸው። ልጆች አሏቸው፣ ከጭሱ ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸው፣ ከማናችንም በፊት የሚጎዱትም እነሱ ናቸው።

ጤና ሚኒስቴርን ደግሞ አንድ ነገር ለይቼ እጠይቃለሁ። የደም ውስጥ እርሳስ ምርመራ ቢያንስ በጥቂት ሆስፒታሎች ይጀመር። ሁሉም ልጅ ዛሬ ይመርመር አላልኩም። ሐኪም ሲጠራጠር የሚልክበት ቦታ ይኑር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ደግሞ ይሄን ለማስተማር ከማንም የቀረቡ ናቸው። ግግ ማስወጣት ጎጂ መሆኑን ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ድዱ ያበጠ፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ግግ ነው እየተባለ ገና ያልወጣ ጥርሱ በስለት ይነቀል ነበር፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ያንን ያህል ሥር የሰደደ ነገር መድፈር ከቻሉ «ልጁ የሚነክሰውን ብረት አውልቂለት» ማለት አያቅታቸውም።

ይሄን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ መሥሪያ ቤቶቹ እስኪመልሱ እኔ ቤት የተለወጠውን ልንገራችሁ። ልጄ ድዷን ሲያማት ንጹህ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቤ እሰጣታለሁ፣ በደንብ ትነክሰዋለች። ቀለም የተቀባውንና የተላጠውን አሻንጉሊት አስወግጃለሁ። ብረት ያለበት ጌጥ አንገቷም እጇም ላይ የለም። ዓይኗንም አልኳላትም፣ ኩል ውስጥ ብዙ ጊዜ እርሳስ እንደሚገኝ ካነበብኩ ወዲህ፣ አያቷ ትንሽ ቅር ቢላትም። ሥሩ የተነቀለውን ኩባያ ጥያለሁ። አጥሚቷን የምሠራው ለሷ ብቻ በለየሁት የማይዝግ ብረት ድስት ነው፣ ቲማቲምና ሎሚ ያለበትን ምግብ ደግሞ ቀልጦ በተሠራው ድስት አናበስልም፣ ኮምጣጣ ነገር ብረት ይስባልና። መቀቀል እርሳስን አያጠፋም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ጀርም ይሞታል፣ ብረት አይሞትም። አይረን ያለበትን ምግብ፣ ምስሩን፣ ሥጋውን፣ አረንጓዴ ቅጠሉን በተቻለኝ አበዛላታለሁ፣ የጠገበ ሰውነት እርሳስን ያን ያህል አይስብም። ጡቷንም አላቋረጥኩም። ጡጦውን ራሱ እየተውነው ነው፣ በትንሽ ኩባያና በማንኪያ እየለመደች ነው፣ ሐኪሞችም የሚመክሩት እሱን ነው።

ግን ይሄ ሁሉ በሬን የመዝጋት ያህል ነው። ሰፈሬ ውስጥ በር የሌላቸው፣ ስልክ ላይ የማያነቡ፣ ያገኙትን ዕቃ ለልጃቸው የሚሰጡ እናቶች አሉ። ከቤታችን ፊት ለፊት ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጠው ልጅ የ11 ወር ወንድ ልጅ አላት። እሷ ስታፈላ እሱ ሥሯ ተቀምጦ የቁልፍ መያዣ ይነክሳል። ትናንት ቀስ ብዬ ከእጁ ወስጄ እርጥብ ጨርቅ ስሰጠው «ምነው እትዬ፣ ቆሸሸ እንዴ?» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ስጨርስ «እና ይሄኛው አለበት?» ብላ የቁልፍ መያዣውን አሳየችኝ።

ምን ልበላት? የልጄ መስቀል አሁንም ፌስታሏ ውስጥ ናት፣ የአልጋዬ ኮመዲኖ መሳቢያ ውስጥ። የቁልፍ መያዣውንም ተቀብያት አብሬ አስቀምጬዋለሁ። ወዴት እንደማመጣቸው ንገሩኝ፣ በማግስቱ ጠዋት በራችሁ ላይ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
የአንዲት የ9 ወር ልጅ እናት
አዲስ አበባ